ሦስት አክሰስ ፖይንት፣ አንድ ኔትወርክ፦ የአነስተኛ ቢሮ ዋይፋይ አዘረጋግ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የንግድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ፣ 24 ሠራተኞች ያሉት የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ «ኢንተርኔቱ አላሠራ አለን፤ ራውተር በራውተር ላይ ብንጨምርም ለውጥ የለም» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ስደርስ ያገኘሁት በብዙ ቢሮዎች የማየውን ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ከፋይበር መስመሩ ጋር አብሮ የመጣው ራውተር ተቀምጧል፤ ኮሪደሩ መሐል በኋላ የተገዛ ሌላ ራውተር ተሰቅሏል፤ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሶኬት ላይ የተሰካ ሪፒተር አለ፤ ከኋላ ያለው የሰነድ ክፍል ደግሞ የራሱ ራውተር አለው። አራቱም የየራሳቸውን ስም ያሰራጫሉ። ሠራተኛው ከክፍል ወደ ክፍል በተዘዋወረ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ የዋይፋይ ስም ይመርጣል፤ በዋይፋይ ሲደውል የቆየ ሰው ደግሞ ኮሪደሩን ሳይጨርስ ጥሪው ይቋረጥበታል።

በቅድሚያ መለየት ያለበት ችግሩ መስመሩ ላይ ነው ወይስ ዋይፋዩ ላይ የሚለው ነው። ላፕቶፔን በኬብል ከዋናው ራውተር ጋር አገናኝቼ ፍጥነቱን ስለካ ቢሮው የሚከፍልበትን 20 ሜጋቢት ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል አገኘሁ። ቀጥሎ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በዋይፋይ ወደዚያው ራውተር ፒንግ አደረግሁ፤ ማለትም ወደ ኢንተርኔት ሳልወጣ እዚያው ቢሮ ውስጥ ያለው ሣጥን በስንት ጊዜ እንደሚመልስልኝ ጠየቅሁ። በኬብል በ1 ሚሊሰከንድ የመለሰው ራውተር በዋይፋይ እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ አንዳንዱ ጥያቄም ጭራሽ መልስ አላገኘም። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው፤ የታመመው ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው አየር ነው። ይህ ፍተሻ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ይህን ሳያደርግ ማንም ሰው ለዕቃ ገንዘብ ማውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት ሦስት ስሞችን እንለይ። ራውተር የቢሮውን ኔትወርክ ከውጭው ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ በር ነው፤ ለአንድ ቢሮ አንድ ይበቃል። ስዊች ኬብሎች የሚሰበሰቡበት መገናኛ ነው። አክሰስ ፖይንት ደግሞ በኬብል የመጣውን ወደ ራዲዮ ሞገድ፣ በራዲዮ የመጣውን ወደ ኬብል የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። በየቤቱ ያለው ሣጥን ሦስቱንም በአንድ ላይ ስለያዘ ብዙ ሰው አንድ ዕቃ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ዋይፋዩ ያልደረሰበት ክፍል ሲገጥመው አክሰስ ፖይንት መጨመር ሲገባው ሌላ ራውተር ይጨምራል።

አየሩ የጋራ ነው

የዋይፋይ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ባሕርይ ነው፦ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉን የሚያስከብር ሰው አለ፤ ዋይፋይ ግን ተራ አስከባሪ የለውም። እያንዳንዱ ስልክ፣ ላፕቶፕና አክሰስ ፖይንት ከመናገሩ በፊት አየሩን ያዳምጣል፤ ሌላ የሚናገር ካለ ይጠብቃል፤ ጸጥ ሲልም በዕጣ የደረሰውን እጅግ አጭር ጊዜ ቆይቶ ይጀምራል። ሁለቱ እኩል ከጀመሩ የሁለቱም መልእክት ይበላሽና እንደገና መላክ አለበት። ስለዚህ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ፣ እርስ በርስም የሚሰማሙ ሁለት አክሰስ ፖይንቶች ሁለት መንገድ አይሆኑም፤ አንዱን መንገድ በተራ የሚጠቀሙ ሁለት መኪኖች ናቸው። ሦስተኛና አራተኛ ቢጨመር መንገዱ አይሰፋም፤ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው የማይታሰብ አንድ ነገር አለ። ከአክሰስ ፖይንቱ የራቀ ስልክ ሲግናሉ ስለሚደክም በዝግታ ለመናገር ይገደዳል። አጠገቡ ያለ ላፕቶፕ በሰከንድ በ300 ሜጋቢት ሊነጋገር በሚችልበት ቦታ፣ ሁለት ግድግዳ ማዶ ያለው ስልክ በ6 ሜጋቢት ሊነጋገር ይችላል። ያው ፋይል፣ ያው መጠን፣ ነገር ግን የሚይዘው የአየር ጊዜ 50 እጥፍ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ አጠገብ ያለው ላፕቶፕ ይጠብቃል። ሰነድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ስልክ ቪዲዮ ስታወርድ እንግዳ መቀበያ ያለው ሰው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። አክሰስ ፖይንት የሚበዛበት ትክክለኛው ዓላማም «ሲግናል እንዲደርስ» ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ቅርብ የሆነ ሰሚ አግኝቶ ቶሎ ተናግሮ አየሩን ለሌላው እንዲለቅ ነው።

አየሩ የጋራ ከሆነ መንገዱን መከፋፈል ያስፈልጋል፤ መከፋፈያው ቻናል ይባላል። ዋይፋይ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ሰፈሮች አሉ፤ 2.4 ጊጋኸርትዝ እና 5 ጊጋኸርትዝ። በ2.4 ላይ ቁጥራቸው ከ11 እስከ 13 የሚደርስ ቻናል ቢኖርም በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርትዝ ሲሆን አንዱ መልእክት የሚይዘው ስፋት ግን 20 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው መኖር የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሰው ክፍት ቦታ ያገኘ መስሎት ቻናል 3 ወይም 4 ሲመርጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህ ከመጋራትም የባሰ ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉት ቢያንስ ስለሚሰማሙ ተራ ይጠባበቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን የሌላውን ንግግር እንደ ንግግር ለይተው ማወቅ ስለማይችሉ እንደ ጫጫታ ይቆጥሩታል፣ በላዩም ይናገሩበታል።

5 ጊጋኸርትዝ ሰፊ ነው። 36፣ 40፣ 44 እና 48 አንድ ቡድን ናቸው፤ ከ149 ጀምሮ ሌላ ቡድን አለ፤ በመካከል ያሉት ደግሞ ራዳሮችም የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ አክሰስ ፖይንቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ፣ ራዳር ከሰማም ቻናሉን መልቀቅ ይኖርበታል። አምራቾች ሣጥኑ ላይ ትልቅ ፍጥነት ለመጻፍ ሲሉ የ5ን ቻናል ስፋት 80 ሜጋኸርትዝ ላይ አድርገው ይልኩታል፤ ይህም ከ36 እስከ 48 ያሉትን አራቱንም ቻናሎች አንድ አክሰስ ፖይንት ብቻውን ያዘ ማለት ነው። ሦስት አክሰስ ፖይንት ላለው ቢሮ 40 ሜጋኸርትዝ ይበቃል፤ አንዱን 36፣ ሁለተኛውን 44፣ ሦስተኛውን 149 ላይ ማድረግ ይቻላል። በ2.4 ላይ ግን ስፋቱ ከ20 እንዳይበልጥ ይደረግ። በሒሳብ ቢሮው ስብሰባ ክፍል ቆሜ በስልኬ ስቆጥር በ2.4 ላይ የታዩኝ የጎረቤት ኔትወርኮች 31 ሲሆኑ በ5 ላይ 9 ብቻ ነበሩ። የቢሮው አራት ሣጥኖች ደግሞ ሁሉም ቻናል 6 ላይ፣ ሁሉም በሙሉ ኃይል ይሠሩ ነበር።

ግድግዳው፣ ካቢኔቱና ኮሪደሩ

5 ጊጋኸርትዝ ግድግዳ አይወድም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ለብዙ አክሰስ ፖይንት ይህ ጠባዩ ይጠቅማል። የሲሚንቶ ብሎኬት ግድግዳ አንዱን ክፍል ከሌላው ስለሚለይ እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት የራሱን ሰዎች ብቻ ያገለግላል፤ ሶሌታው ደግሞ ከነፌሮው ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ይከላከላል። ችፑድና ጂፕሰም ብዙም አያግዱም። ብረት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ሰነድ ክፍል ያለው ራውተር ለምን ከደጃፉ እንደማያልፍ ሰዎቹን ሲያስቸግራቸው ኖሯል፤ ቀርቤ ሳይ ከወለል እስከ ትከሻ በሚደርሱ የብረት ፋይል ካቢኔቶች መካከል፣ አንዱ ካቢኔት ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ካቢኔቱ አናት ላይ ባወጣው ብቻ የሲግናሉ ንባብ ተለወጠ። ሊፍት፣ የውኃ ታንከርና ትልቅ መስታወትም እንዲሁ ሊታሰብባቸው ይገባል።

የተለመደው ስሕተት ግን ኮሪደር ላይ መስቀል ነው። ኮሪደር ለኬብል ይመቻል፣ ሁሉንም ክፍል በእኩል የሚያዳርስም ይመስላል። ሆኖም ኮሪደር ላይ የተሰለፉ አክሰስ ፖይንቶች በመካከላቸው ምንም ግድግዳ ስለሌለ እርስ በርስ ጥርት አድርገው ይሰማማሉ፤ የሚያገለግሏቸው ሰዎች ግን ሁሉም ከግድግዳ ማዶ ናቸው። መሆን የሚገባው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ግድግዳው በአክሰስ ፖይንቶቹ መካከል ይሁን፣ በአክሰስ ፖይንቱና በሰው መካከል ያለው አየር ግን ክፍት ይሁን። ስለዚህ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ኮርኒስ ላይ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መስቀል ይመረጣል። ለሒሳብ ቢሮው አንዱን 14 ሰዎች በሚሠሩበት ሰፊ ክፍል፣ ሁለተኛውን እንግዳ መቀበያውና የሥራ አስኪያጁ ክፍል በሚዋሰኑበት፣ ሦስተኛውን ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሰቀልን። አራት ሣጥን የነበረበት ቦታ በሦስት ተሸፈነ።

ከመስቀል በፊት መሞከር ጥሩ ነው። አክሰስ ፖይንቱን በወንበር ላይ ወይም በመሰላል ጫፍ ለጊዜው አስቀምጦ፣ ሲግናል የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ይዞ በየጠረጴዛው መዞር ይቻላል። የሲግናል ንባብ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ከዜሮ በታች ይነበባል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል። ድምፅና ቪዲዮ ጥሪ ያለ ችግር እንዲሠራ -67 ዲቢኤም ወይም ከዚያ የተሻለ መገኘት አለበት፤ -80 ላይ ስልኩ ስሙን ያሳይ ይሆናል እንጂ ሥራ አይሠራም።

ኬብል የሚደርስበት ሁሉ በኬብል ይሂድ

ሪፒተር የሚሰማውን መልሶ የሚናገር መሣሪያ ነው። በአንድ ራዲዮ የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱ መልእክት አንድ ጊዜ ወደ እርሱ፣ አንድ ጊዜ ከእርሱ ስለሚሄድ አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። በአየር የሚገናኙት ሜሽ የሚባሉት መሣሪያዎች ለዚሁ ግንኙነት የተለየ ራዲዮ ሲኖራቸው የተሻሉ ናቸው፤ ግድግዳ መብሳት በማይቻልበት ኪራይ ቤትም ይጠቅማሉ። ለቢሮ ግን ምክሬ ሳይለወጥ የቆየ ነው፦ እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት የራሱ ኬብል ኖሮት ከስዊቹ ጋር ይገናኝ። የኬብሉ ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ፤ ይህ ለአነስተኛ ቢሮ ከበቂ በላይ ነው።

ኬብል ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካት 6 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ መዳብ አይደለም፤ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ብዙ አለ። አንዱን ሽቦ በምላጭ ቀስ ብሎ መፋቅ ነው፤ ቀዩ ተልጦ ከሥሩ ነጭ ብረት ከታየ ይቅር። ጥቅልሉን ማንሳትም ያስታውቃል፤ አሉሚኒየሙ ለመጠኑ ቀላል ነው። ልዩነቱ ለክብር አይደለም፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን ከመዳብ ያነሰ ስለሚያስተላልፍ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። የምንጠቀመው ኬብል ደግሞ ዳታ ብቻ ሳይሆን የመብራት ኃይልም ይሸከማል።

በኔትወርክ ኬብል ኃይል የመላክ ዘዴ ፒኦኢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደረጃ ከስዊቹ በአንድ ቀዳዳ እስከ 15.4 ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው እስከ 30 ዋት ይሰጣል። መሠረታዊ የቢሮ አክሰስ ፖይንት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ይበቃዋል። ስዊቹ ሲመረጥ የቀዳዳውን ብዛት ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ስንት ዋት እንደሚችል ማየት ያስፈልጋል፤ ሦስት ባለ 13 ዋት አክሰስ ፖይንት 39 ዋት ይፈልጋሉ፣ 60 ዋት የሚችል ስዊች ይበቃቸዋል። ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት ከማዶ ያለውን መሣሪያ ይጠይቃል፤ ባለ 24 ቮልት ፓሲቭ የሚባለው ግን ሳይጠይቅ ስለሚልክ ያልተዘጋጀለትን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ፒኦኢ ለእኛ አገር ቢሮ የሚሰጠው ጥቅም ከምቾት ያለፈ ነው። የኮሪደሩ ራውተር የሚሰካው የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር ባለ ዲቫይደር ላይ ነበር፤ ከሰዓት በፊት የሻይ ውኃ ማፍያው ሲሰካ ቦታ ስለሚጠፋ አንዱ ይነቀላል፣ የሚነቀለውም ምን እንደሆነ የማይታወቀው ጥቁር ገመድ ነበር። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ለኔትወርኩ የተለየ ቦታ ያልሰጠው አዘረጋጉ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጀነሬተር በ20 እና 30 ሰከንድ ውስጥ ይነሣ ነበር፤ ነገር ግን ራውተሩ፣ የፋይበሩ ሣጥንና ሪፒተሩ ጠፍተው ስለሚነሡ እንደገና ተጀምረው ሥራ እስኪይዙ ሦስትና አራት ደቂቃ ያልፋል፤ መብራቱ ሲመለስና ጀነሬተሩ ሲጠፋም ያው ይደገማል። 24 ሰው ለ20 ሰከንድ መቋረጥ ለደቂቃዎች ይቀመጣል። አሁን የፋይበሩ ሣጥን፣ ራውተሩና ስዊቹ በአንድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ናቸው፤ አክሰስ ፖይንቶቹም ኃይላቸውን ከስዊቹ ስለሚያገኙ በዚያው ዩፒኤስ ተሸፍነዋል። ላፕቶፖቹም ባትሪ ስላላቸው በላፕቶፕ ለሚሠሩት መብራት መጥፋቱ የሚታወቀው በአምፖሉ ብቻ ነው።

አንድ ካርድ ክፍል ብቻ

ወደ ኔትወርክ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የሚሰጠው አገልግሎት ዲኤችሲፒ ይባላል። ሆስፒታል ገብቶ ካርድ እንደማውጣት ነው። አንድ ካርድ ክፍል ካለ ቁጥር አይደገምም፤ ሳይተዋወቁ የሚሠሩ ሁለት ካርድ ክፍሎች ካሉ ግን ለሁለት ሰው አንድ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። በሒሳብ ቢሮው የኮሪደሩ ራውተር እንደ ዋናው ራውተር አድራሻው 192.168.1.1 ነበር፤ ዲኤችሲፒውም ክፍት ነበር። ጠዋት የገባ ሠራተኛ ከየትኛው ካርድ እንደሚያወጣ የሚወሰነው ቀድሞ በመለሰው ነው፤ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም፣ ምክንያቱም አይታወቅም። የሰነድ ክፍሉ ራውተር ደግሞ ኬብሉ የገባው ዋን በሚባለው፣ ከውጭ ለሚመጣው መስመር በተዘጋጀው ቀዳዳ ስለነበር ከኋላው ያሉትን ኮምፒውተሮች ወደ ሌላ ኔትወርክ ለይቷቸው፣ የቢሮውን ፕሪንተር በስሙ ፈልገው ሊያገኙት አልቻሉም።

አዲስ አክሰስ ፖይንት ለመግዛት አቅም የሌለው ቢሮ ያሉትን ራውተሮች ወደ አክሰስ ፖይንት መለወጥ ይችላል። የራውተሩ አድራሻ ከዋናው እንዲለይ ለምሳሌ 192.168.1.2 ይደረጋል፤ ይህም አድራሻ ዋናው ራውተር ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጭ መሆን አለበት። ቀጥሎ ዲኤችሲፒው ይዘጋል፤ ኬብሉም ከዋን ወጥቶ ላን ከሚባሉት፣ ለውስጥ ኔትወርክ ከተዘጋጁት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካል። አንዳንዱ ራውተር ይህን ሁሉ በአንድ ምርጫ የሚያደርግ «የአክሰስ ፖይንት ሞድ» አለው። ቢሮው ከቻለ ግን እንደ ኦማዳ፣ ዩኒፋይ ወይም ማይክሮቲክ ያሉ፣ ሁሉንም አክሰስ ፖይንት ከአንድ ቦታ ማስተካከል የሚያስችሉ መሣሪያዎች ቢገዛ ይሻላል፤ አንድ የይለፍ ቃል ለመለወጥ ሦስት ቦታ መግባት የሚረሳ ነገር ያመጣልና።

ስሙ፣ የይለፍ ቃሉና የደኅንነት ዓይነቱ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ ቻናሉ ብቻ ይለያይ። ስሙ አንድ ሲሆን ስልኩ አክሰስ ፖይንቶቹን እንደ አንድ ኔትወርክ ቆጥሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ራሱ ይሻገራል።

መሻገሩን የሚወስነው ስልኩ ነው

ይህን በቅጡ ያልተረዳ ሰው ኔትወርኩን በደንብ ዘርግቶም ቅሬታው አይለቀውም። ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው ስልኩ ነው እንጂ አክሰስ ፖይንቱ አይደለም። አፕል ለኔትወርክ ባለሙያዎች ባወጣው ማብራሪያ መሠረት አይፎን የያዘው ሲግናል ከ-70 ዲቢኤም በታች እስኪወርድ ድረስ ሌላ አይፈልግም፤ ከፈለገም በኋላ ዳታ እየላከ ከሆነ ቢያንስ በ8 ዴሲቤል የሚበልጥ፣ ሥራ ከፈታ በ12 ዴሲቤል የሚበልጥ ካላገኘ አይሻገርም። ሌሎች ስልኮችም የየራሳቸው ልክ አላቸው።

እንግዲህ የእንግዳ መቀበያው ራውተር በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ምን እንደሚሆን እናስብ። ሥራ አስኪያጁ ስልካቸውን ይዘው ስብሰባ ክፍል ሲገቡ ስልኩ የራውተሩን ድምፅ አሁንም -68 ላይ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አይለቀውም፤ በላያቸው ኮርኒስ ላይ ያለውንም አያየውም። በሌላ በኩል ስልክ ትንሽ ባትሪ ያለው ዕቃ ስለሆነ እንደ ራውተሩ አይጮህም። ራውተሩን ይሰማል፣ ራውተሩ ግን እርሱን በችግር ይሰማዋል። ስክሪኑ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ እያለ ነገሩ የማይንቀሳቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መደረግ ያለበት ለብዙ ሰው እንግዳ የሚመስል ነገር ነው፦ የአክሰስ ፖይንቱን ኃይል መቀነስ። በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት ሲሆን 17 ዲቢኤም 50 ሚሊዋት ነው። በሒሳብ ቢሮው 5 ጊጋኸርትዙን 17፣ 2.4ቱን 11 ዲቢኤም ላይ አደረግነው። 2.4 ራቅ ብሎ ስለሚሄድ ኃይሉን ከ5 ዝቅ ማድረግ ስልኮቹ 5ን እንዲመርጡም ይረዳል። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ክፍል የገባ ስልክ የኋላውን ቶሎ ይለቃል፣ የላዩን ይይዛል።

በተጨማሪ ለመሻገር የሚረዱ፣ የዋይፋይ ደረጃ በሆነው 802.11 ሥር ኬ፣ ቪ እና አር የተባሉ ሦስት ደንቦች አሉ። ኬ ለስልኩ በአቅራቢያ ያሉትን አክሰስ ፖይንቶች ይነግረዋል፤ ቪ ወደ ተሻለው እንዲሄድ ይመክረዋል፤ አር የይለፍ ቃሉን ማረጋገጥ ያፋጥናል። ኬን እና ቪን መክፈት ብዙም ጉዳት የለውም፤ አርን ግን አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎችና ፕሪንተሮች ስለማይቀበሉት ሞክሮ መወሰን ይበጃል። ኃይል ሳይስተካከል እነዚህን ብቻ መክፈት ውጤት አይሰጥም።

ደንበኛው በሌላ በር

የሒሳብ ቢሮ የሰው ምሥጢር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ደንበኛ መጥቶ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሠራተኞቹ እንዲሰጠው ይደረግ ነበር፤ ይህ ማለት የእርሱ ስልክ የኩባንያዎች ፋይል ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ጋር በአንድ ኔትወርክ ገባ ማለት ነው። ለእንግዳ የተለየ ስም ብቻ መክፈት አይበቃም፤ ከኋላው ቪላን በሚባለው ዘዴ መለየት አለበት። ቪላን በአንድ ኬብል ላይ ሁለት ኔትወርኮች ሳይቀላቀሉ እንዲሄዱ የሚያደርግ ምልክት ነው፤ ራውተሩም፣ ስዊቹም፣ አክሰስ ፖይንቱም ሊያውቁት ይገባል። ይህን የማይችል ዕቃ ያለው ቢሮ በአክሰስ ፖይንቱ ላይ ያለውን የእንግዳ መለያ ምርጫ ቢከፍት ከምንም ይሻላል፤ ግን እንግዳው ፕሪንተሩን ማግኘት አለመቻሉን በራሱ ስልክ ይሞክር። ደኅንነቱ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን፤ ደብሊውፒኤስ የሚባለው በቁልፍ የማስገባት ዘዴ ይዘጋ፤ ከፋብሪካ የመጣው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን ይለወጥ።

ስሞችን ግን ማብዛት አያስፈልግም። እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ለእያንዳንዱ ስም በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «አለሁ» እያለ ያውጃል፤ ይህም አዋጅ በዝግተኛው ፍጥነት ስለሚነገር አየሩን ይይዛል። ለሠራተኛ አንድ፣ ለእንግዳ አንድ፣ ሁለት ይበቃል። በዚሁ አንጻር ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎችን፣ ማለትም ዴስክቶፖችን፣ ፕሪንተሩንና የደኅንነት ካሜራውን ወደ ኬብል ማዛወር የቀሩትን ሁሉ ይጠቅማል፤ ሰባት ዴስክቶፕ ወደ ኬብል ስናዛውር የሰፊው ክፍል ፒንግ ያለ ሌላ ለውጥ ወረደ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ሠራተኛ የቪዲዮ ጥሪ ከፍታ ከእንግዳ መቀበያው እስከ ሰነድ ክፍሉ እንድትሄድ አደረግን፤ እኔ ስልኳ ከየትኛው አክሰስ ፖይንት ጋር እንዳለ ከመቆጣጠሪያው እከታተል ነበር። በሰፊው ክፍል በር ላይ አንድ ጊዜ፣ በስብሰባ ክፍሉ አጠገብ ሌላ ጊዜ ተሻገረ፤ ጥሪው አልተቋረጠም። ከዚያ የእያንዳንዱን አክሰስ ፖይንት ቦታ፣ አድራሻ፣ ቻናልና ኃይል፣ እንዲሁም የትኛው ኬብል በስዊቹ ስንተኛ ቀዳዳ እንደገባ በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ የይለፍ ቃሎቹን ሳንጨምር፣ ስዊቹ ባለበት ካቢኔት በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍነው።